ባድ ፎስተርን በምሳ ዕቃው ብቻ መለካት፦ ስለ ቨርጂኒያ ቴክ መከላከል ለተጻፈ ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ለቨርጂኒያ ቴክ ዩኒቨርሲቲ የአሜሪካ ፉትቦል ቡድን ለብዙ ዓመታት የመከላከል ክፍል ኮርዲኔተር (የክፍሉ ኃላፊ አሠልጣኝ) ስለነበረው ስለ ባድ ፎስተር ሰሞኑን አንድ ረዘም ያለ ጽሑፍ ወጥቶ ብዙ ሰው ተቀባብሎታል። ሰሜን ቨርጂኒያ ውስጥ ልጆቻቸውን ዩኒቨርሲቲው ወዳለበት ወደ ብላክስበርግ የላኩ ሐበሾች ስላሉ ወሬው እኛም ዘንድ ደርሷል። ጸሐፊው በአጭሩ እንዲህ ይላሉ፦ ቁጥሮቹ ያማሩት ደካማ ሊግ ውስጥ ስለነበረ ነው፤ አሰላለፉን የፈጠረው እሱ ቢሆንም ከብሊትዝ (ብዙ ተከላካይ በአንዴ ኳርተርባኩ፣ ማለትም ኳስ ወርዋሪውና ጨዋታ መሪው ላይ ከመላክ)፣ ከወኔና የቡድኑ ምልክት ከሆነችው ምሳ ዕቃ ያለፈ ምሥጢር አልነበረውም፤ በ2014 ኦሃዮ ስቴትን የረታው በዕድል ነው፤ በ2018 የወደቀው ጨዋታው ጥሎት ስለሄደ ነው፤ ዋና አሠልጣኝ ሳይሆን መቅረቱ ሥራውን ጎዶሎ ያደርገዋል፤ በመጨረሻ ግን ሁለት ተጋጣሚዎችን ያለ ነጥብ ሸኝቶ በድል ተሰናበተ። ከእነዚህ ነጥቦች አንዱ ከፊል እውነት አለው። የቀሩት አይቆሙም፤ ለፎስተር የሚያደሉትም ጭምር። (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

የሊጉ ጉዳይ ቶሎ ያልቃል። ቨርጂኒያ ቴክ ደካማ በሚባለው ቢግ ኢስት ሊግ ውስጥ የቆየው እስከ 2003 ነው፤ ከ2004 ጀምሮ ኤሲሲ በተባለው ሊግ ውስጥ ነው። ቡድኑ ለተጋጣሚዎቹ አነስተኛ ያርድ (ኳስ ይዘው የሚገፉት ርቀት መለኪያ) በመፍቀድ አገሪቱን የመራው ደግሞ በ2005 እና በ2006፣ ሁለቱንም ጊዜ ኤሲሲ ውስጥ ሆኖ ነው። በ2006 ተጋጣሚዎቹ በአማካይ ያገኙት 219.5 ያርድና 11 ነጥብ ብቻ ነበር። ቡድኑ ያንን ሊግ በ2004፣ በ2007፣ በ2008 እና በ2010 አሸንፏል። ጸሐፊው በልባቸው የያዙት 1999ን ከሆነ፣ ያኔ በእርግጥ ቢግ ኢስት ውስጥ ነበሩ፤ በአገሪቱ የዋንጫ ጨዋታም ፍሎሪዳ ስቴት 46 ለ29 አሸንፏቸዋል። ግን ውጤቱን ከፍተው ቢያዩት ከ46ቱ ነጥብ 14ቱ የመጡት አንዱ ከታገደ ፐንት (ኳሱን ለተጋጣሚ ለመልቀቅ የሚመታ ረጅም ምት)፣ ሌላው ፒተር ዋሪክ ፐንት ተቀብሎ ሮጦ ካስቆጠረው ነው። ያን ጊዜ ሜዳ ላይ የነበረው የፎስተር ክፍል አልነበረም። ሦስተኛው ሩብ ሲያልቅ ቨርጂኒያ ቴክ 29 ለ28 ይመራ ነበር፤ በአራተኛው ሩብ ግን 18 ነጥብ ተቆጠረበት። መከላከሉ ሊወቀስ የሚገባው በዚህ ሩብ ነው፤ ወቀሳው ደግሞ ከሊግ ጋር አይገናኝም።

ወደ ዋናው እንምጣ። አሰላለፉን ፎስተር ፈጠረው መባሉ ትክክል አይደለም። ቡድኑ በ1992 ሁለት አሸንፎ፣ ስምንት ተሸንፎ፣ አንድ አቻ ከወጣ በኋላ ዋና አሠልጣኙ ፍራንክ ቢመር ፊል ኤልማሲያንን አመጣ፤ ስምንት ሰው ወደ ፊት የሚያስጠጋውን ደፋር የመከላከል ስልት በ1993 የተከለው እሱ ነው። ኤልማሲያን ከ1994 በኋላ ሲሄድ ሥራውን ፎስተርና ሮድ ሻርፕለስ በጋራ ያዙት፤ ከ1996 ጀምሮ ፎስተር ብቻውን መራው። የፎስተር ድርሻ ያንን የተቀበለውን ነገር ሳይለቅ እየቀየረ ከሃያ ዓመት በላይ ማቆየቱ ነው። ይህ ደግሞ ከመፍጠር ያነሰ ሥራ አይደለም።

ስምንት ሰው ወደ ፊት መቅረቡ ስምንት ሰው ኳርተርባኩ ላይ ይሮጣል ማለት አይደለም። ቁጥሩ የመጣው ከክፍተት ቆጠራ ነው። አጥቂው በፊት መስመሩ መሃል ላይ ሴንተር፣ ከጎኑ ሁለት ጋርድ፣ ከእነሱ ውጭ ሁለት ታክልና በአንዱ ዳር አንድ ታይት ኤንድ ሲያሰልፍ በስድስቱ መካከል አምስት፣ በሁለቱ ዳርቻ ሁለት፣ በድምሩ ሰባት መሮጫ ክፍተት ይኖራል። ፉልባኩ (ለሯጩ መንገድ የሚከፍተው ተጫዋች) ከኋላ መጥቶ ሰው ሲገፋ ስምንተኛውን ይከፍታል። ስለዚህ አራት የመስመር ተከላካዮች፣ ከኋላቸው ማይክና ባከር የተባሉት ሁለት ላይንባከሮች፣ በጎንና በጎን ደግሞ ዊፕና ሮቨር የተባሉት ሁለት ፈጣን ተጫዋቾች ይቆማሉ፤ ለአንድ ክፍተት አንድ ሰው። የቀሩት ሦስት ናቸው፤ ቅብብል ተቀባዮችን የሚይዙ ሁለት ኮርነሮችና ከሁሉም ኋላ የሚቆም አንድ ፍሪ ሴፍቲ።

ሒሳቡ የሚበላሸው በሁለት ቦታ ነው። አንደኛው፣ አንድ ላይንባከር ኳሱን አይቶ ከተመደበበት ክፍተት ወደ ጎረቤቱ ሲዘል ነው። ሁለት ሰው አንድ በር ይዘጋል፣ የራሱ በር ክፍት ይቀራል፤ ከኋላ ያለው ፍሪ ሴፍቲ ብቻ ስለሆነ አራት ያርድ የሚያልቅ ሩጫ አርባ ይሆናል። ሁለተኛው ኳርተርባኩ ራሱ ሲሮጥ ነው። ኳርተርባክ ኳሱን ለሌላ አቀብሎ በሚቆምበት ጨዋታ አጥቂው አንድ ሰው ያባክናል፤ ራሱ ሲሮጥ ግን ያ የባከነ ሰው ወደ ገፊነት ይመለሳል፤ ተከላካዩም አንድ ሰው ይጎድለዋል። ፎስተር ይህን ጉድለት ለመሙላት ዓመታት ፈጅቷል። ዊፕ የነበረው ቦታ እያደር ለአምስተኛ የኋላ ተከላካይ ተለቀቀ፤ አሰላለፉም አራት፣ ሁለት፣ አምስት ወደሚባለው ዞረ።

ይህ ሥራ የሚፈልገውን ሰው ዓይነት ጽሑፉ ጨርሶ አላነሳም። ኮርነሩ ብዙ ጊዜ ብቻውን ስለሚቀር ረዳት ሳይጠብቅ መሸፈን አለበት፤ ዲአንጀሎ ሆል፣ ብራንደን ፍላወርስና ካይል ፉለር ከዚህ ቤት ወጥተው ኤንኤፍኤል ወደተባለው የፕሮፌሽናል ሊግ የገቡት በዚህ ምክንያት ነው። ሮቨሩ የላይንባከር ጉልበትና የሴፍቲ እግር ያስፈልገዋል። ካም ቻንስለር ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ኳርተርባክ ነበር፤ ብላክስበርግ ሲደርስ ወደ ኋላ ተከላካይ ተቀየረ። ኮሪ ሙር ለመስመር ዳር ተከላካይነት ትንሽ ሰው ነው ይባል ነበር፤ በ1999 የናጉርስኪንም የሎምባርዲንም ሽልማት ወሰደ። ክፍተት በፍጥነት የሚዘጋ ሰው ሲፈለግ ክብደት ሁለተኛ ይሆናል።

ስለ ምሳ ዕቃዋም ቢሆን ከወኔ ጋር ብቻ ማያያዝ አይበቃም። በ1995 የገባችው ያረጀች የሠራተኛ ምሳ ዕቃ ውስጧ ባዶ አልነበረም፤ የዓመቱና የጨዋታው ግቦች ተጽፈው ይቀመጡባት ነበር። የሚይዛትም በሥራው ያገኛት ተጫዋች ነው። በ2007 ደግሞ በዚያው ዓመት ኤፕሪል 16 ግቢው ውስጥ የተገደሉትን የ32 ሰዎች ስም ይዛ ሜዳ ገብታለች። ጸሐፊው ይህን ሳይጠቅሱ ምሳ ዕቃዋን የስሜት መቀስቀሻ ብቻ ማድረጋቸው አሳዝኖናል።

ወኔ ደግሞ ለሳምንት አይበቃም። የኮሌጅ መከላከል ክፍል ሳምንት በተለምዶ እንዲህ ይሄዳል፦ እሑድ የትናንቱ ፊልም ይታያል፤ እያንዳንዱ ተጫዋች በእያንዳንዱ ኳስ ቦታውን ይዞ እንደሆነ፣ እጅና እግሩን በትክክል ተጠቅሞ እንደሆነና እስከ ፉጨቱ ሮጦ እንደሆነ ይመዘገባል። ከዚያ የሚቀጥለው ተጋጣሚ ይበተናል፤ በስንተኛው ዳውን (አሥር ያርድ ለመግፋት ከሚሰጡት አራት ሙከራዎች በስንተኛው)፣ ስንት ያርድ ሲቀረው፣ ከየትኛው የሜዳ ጎን፣ በስንት ሯጭና በስንት ታይት ኤንድ ምን እንደሚጫወት ይቆጠራል። ማክሰኞ የመጀመሪያና የሁለተኛ ዳውን ሩጫ፣ ረቡዕ ሦስተኛ ዳውን፣ ሐሙስ ከጎል መስመር አጠገብ ያለው ጨዋታና የመጨረሻ ሁለት ደቂቃ ይለማመዳል፤ ዓርብ በእርምጃ ብቻ ይታለፋል። የኮሌጅ ስፖርት ማኅበሩ የኤንሲኤኤ ሕግ ደግሞ በውድድር ወቅት ለተጫዋቹ የሚፈቅደው በቀን ከአራት፣ በሳምንት ከሃያ ሰዓት ያልበለጠ ነው። ስለዚህ ጥሩ ኮርዲኔተር የሚታወቀው ባወቀው ብዛት ሳይሆን ሐሙስ ላይ ከዕቅዱ በሚያወጣው ነገር ነው። ተጫዋቹ በሃያ ሰዓት ያልያዘውን ቅዳሜ አይሠራውም።

አሁን ወደ ኦሃዮ። ሴፕቴምበር 6 ቀን 2014 ቨርጂኒያ ቴክ በኮለምበስ ኦሃዮ ስቴትን 35 ለ21 አሸነፈ። ጸሐፊው ኳርተርባኩ ጄቲ ባሬት ገና ጀማሪ ነበር፣ ዋናው ኳርተርባክ ብራክስተን ሚለር ተጎድቶ ነበር ይላሉ። ልክ ነው። እንዲያውም ከአምስቱ የመስመር አጥቂዎች አራቱም አዲስ ነበሩ፤ ይህን ጸሐፊው አልጠቀሱትም። ግን የፎስተር ዕቅድ የተሠራው ይህንኑ ታይቶ ነው።

ያን ዕለት ያወጣው በኤንኤፍኤሉ ቡድን በቺካጎ ቤርስ ከታወቀው አርባ ስድስት አሰላለፍ የወረደውን ቤር የሚባለውን ነው። አንድ ተከላካይ ሴንተሩ ፊት፣ ሁለት ደግሞ በሁለቱ ጋርዶች ላይ ይቆማሉ። ኦሃዮ ስቴት የሚኖረው በሁለት ዓይነት ሩጫ ነበር። በአንዱ ሁለት አጥቂዎች አንዱን ተከላካይ አብረው ገፍተው፣ ከሁለቱ አንዱ ወደ ላይንባከሩ ይወጣል፤ በሌላው ጋርዱ ከቦታው ወጥቶ ወደ ሌላ ጎን ይጎተታል። ሦስቱም መሃለኞች ፊታቸው ላይ ሰው ሲቆምባቸው ማንም ወደ ላይንባከር አይወጣም፤ ጋርዱ ከቦታው ከወጣም ፊቱ የነበረው ተከላካይ በተለቀቀው ቦታ ቀጥ ብሎ ሯጩ ላይ ይደርሳል። ከኋላ ያሉት ሁሉ ሰው በሰው ይይዛሉ፤ ጥልቅ ላይ የሚጠብቅ ሴፍቲ የለም። ከላይ ያልነው፣ ኳርተርባክ ሲሮጥ የሚጎድለው ሰው የተገኘው ከዚያ ነው።

ዋጋው ከባድ ነው። አንድ ኮርነር ከተበለጠ ነጥብ ነው፤ ማይክል ቶማስ በ53 ያርድ ቅብብል ያስቆጠረው በዚሁ ነው። ፎስተር ያንን ዋጋ አስቀድሞ ተቀብሎ ገባ። ባሬት ከ29 ውርወራ 9 ብቻ አሳካ፣ ሦስቱ ተጠለፉበት፣ ሰባት ጊዜ ሳክ ተደረገ (ኳሱን ሳይወረውር ተይዞ ወደቀ)፤ የመጨረሻውን ጠለፋ ዶኖቫን ራይሊ 63 ያርድ ሮጦ አስቆጠረ። ሌላም መታረም ያለበት አለ፦ ጽሑፉ ኦሃዮ ስቴት በሩጫ 108 ያርድ ብቻ ማግኘቱን የሩጫ መከላከል ማስረጃ አድርጎ ያቀርባል። በኮሌጅ አቆጣጠር ሳክ የሚያሳጣው ያርድ የሚቀነሰው ከሩጫ ነው። በኤንኤፍኤል ግን ከቅብብል ይቀነሳል። ስለዚህ ያ ቁጥር የሩጫውንና የሳኩን ሥራ ቀላቅሎ የያዘ ነው፤ ለብቻው አይነበብም።

ከሳምንት በፊት ቨርጂኒያ ቴክ ዊልያም ኤንድ ሜሪን 34 ለ9 ሲያሸንፍ ኦሃዮ ስቴት ለዚህ አሰላለፍ የሚዘጋጅበት ፊልም አልተሰጠውም። የሚቀጥለው ቅዳሜ ደግሞ ቨርጂኒያ ቴክ በሜዳው በኢስት ካሮላይና 28 ለ21 ተሸነፈ። ዕድል ነበር ለሚሉ ይህ ሽንፈት ደጋፊ ይመስላል። የሚያሳየው ግን ሌላ ነው፤ ለአንድ ተጋጣሚ የተቆረጠ ዕቅድ ለሚቀጥለው አይሆንም፤ ኳሱን ቶሎ ለሚለቅ ቅብብለኛ ቡድን መሃል ላይ ሰው መከመር ጥቅም የለውም። ኦሃዮ ስቴት ከዚያ በኋላ አንድም ጊዜ ሳይሸነፍ የአገሪቱን ዋንጫ ወሰደ፤ የአጥቂው ክፍል ኮርዲኔተር ቶም ኸርማንም የዓመቱ ምርጥ ረዳት አሠልጣኝ ተብሎ የብሮይልስን ሽልማት አገኘ። ያንን አጥቂ በዓመቱ ያሸነፈው የፎስተር ቡድን ብቻ ነው።

ከፊል እውነት አለው ያልነው የ2018ቱን ነው። ያ ዓመት መጥፎ ነበር፤ ማለስለስ አያስፈልገውም። ኦልድ ዶሚኒየን 632 ያርድ አግኝቶ 49 ለ35 አሸነፈ። ጆርጂያ ቴክ 465 ያርድ ሮጦ 49 ለ28፣ ፒት 492 ያርድ ሮጦ 52 ለ22 አሸነፉ። ቡድኑ ከ1992 ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ካሸነፈው በላይ ተሸንፎ፣ 6 ለ7 ጨረሰ። ይህ የፎስተር ኃላፊነት ነው።

ምክንያቱ ግን ዘመናዊው ሜዳ የሚያሰፋ አጥቂ ጥሎት ሄደ የሚለው አይደለም። ከሦስቱ ሁለቱ ያፈረሱት በሩጫ ነው። የጆርጂያ ቴክ ኦፕሽን ደግሞ ከጨዋታው አሮጌ መንገዶች አንዱ ነው፦ አንድ ተከላካይ መሃል የሚገባውን ሯጭ፣ አንዱ ኳርተርባኩን፣ አንዱ ወደ ጎን ኳስ የሚጣልለትን ይይዛል። ከሦስቱ አንዱ ሰውየውን ትቶ ኳሱን ከተከተለ ጨዋታው አለቀ። ፒትም ያደረገው ያንኑ ነው፤ ያልተያዘ ክፍተት አግኝቶ በዚያ ማለፍ። ችግሩ በዕቅዱ ላይ ሳይሆን ዕቅዱን በሚሠሩት ልጆች ዕድሜ ላይ ነበር። በ2017 ይኸው መከላከል በጨዋታ 14.8 ነጥብ ብቻ ነበር የሚቆጠርበት። ከዚያ ትሬሜይን ኤድመንድስ በ16ኛ፣ ወንድሙ ቴሬል በ28ኛ ምርጫ በአንድ ምሽት ወደ ኤንኤፍኤል ሄዱ፤ የመስመሩ መሃለኛ ቲም ሴትልም ጊዜው ሳይደርስ ወጣ፤ ነባሮቹ ተመረቁ፤ ሊተኳቸው የታሰቡ ሌሎችም ከቡድኑ ወጡ። ሜዳ የገቡት የሃያ ሰዓቱን ሳምንት ገና ያልለመዱ ነበሩ።

ፎስተር ሊወቀስ የሚችለው እዚህ ነው። ኮርነሩን ብቻውን የሚተው፣ ለእያንዳንዱ ክፍተት አንድ ሰው ብቻ የሚመድብ አሠራር ተተኪ በሌለበት ዓመት መሸሸጊያ የለውም። ሁለት ሴፍቲ ወደ ኋላ አስቀምጦ አምስት ያርድ እየሰጠ የሚከላከል ቡድን በደካማ ዓመት ቀስ ብሎ ይጎዳል፤ ይህኛው ግን በአንድ ጊዜ ይፈርሳል። እንዲህ ያለ መፍረስ በ2003 መጨረሻም ታይቷል። በአሮን ሮጀርስ የሚመራው ካሊፎርኒያ ከውድድር ዓመቱ በኋላ በተደረገው የኢንሳይት ቦውል ጨዋታ 52 ለ49 ሲያሸንፍ ብዙ ሰው ፎስተር አበቃለት ብሎ ነበር፤ በ2005 ግን መከላከሉ አገሪቱን መራ።

ዋና አሠልጣኝ አለመሆኑን እንደ ጉድለት መቁጠር ሙያውን አለማወቅ ይመስለናል። ፎስተር በመሪ ስቴት ተጫዋች ሆኖ ከቢመር ጋር ተገናኘ፤ በ1981 እዚያው ጀማሪ ረዳት ሆነ፤ በ1987 ተከትሎት ብላክስበርግ ገባ፤ እስከ 2019 አልወጣም። ድምሩ 39 የውድድር ዓመት ነው። በ2006 የብሮይልስን ሽልማት አገኘ። ያንኑ ሽልማት በመከላከል ያገኙት ከርቢ ስማርት፣ ፓት ናርዱዚና ብሬንት ቬነብልስ በኋላ ዋና አሠልጣኝ ሆነዋል፤ ጥሩ ነው፤ ሥራው ግን ሌላ ነው። ዋና አሠልጣኝ ቀኑ የሚያልፈው ከገንዘብ ሰጪዎች፣ ከጋዜጠኞች፣ ከወላጆችና ከአጥቂው ክፍል ጋር ጭምር ነው። ሦስተኛ ዳውን ላይ ምን እንደሚጠራ የሚወስን ሰው ከዚያ መራቁ ውድቀት የሚሆነው በምን ምክንያት ነው?

እንዲያውም የፎስተር ትልቁ ማስረጃ ከ2015 በኋላ የሆነው ነው። ቢመር ጡረታ ወጣ፤ ጀስቲን ፉዌንቴ ከሜምፊስ መጣ። አዲስ ዋና አሠልጣኝ ሲመጣ ነባሮቹ ረዳቶች ዕቃቸውን መሸከፍ የተለመደ ነው። ፉዌንቴ ግን ፎስተርን አስቀረ። የመስመር ተከላካዮቹ አሠልጣኝ ቻርሊ ዋይልስም ከ1996 እስከ 2019 አብሮት ነበር። የአሠልጣኞች ቡድን ሳይበተን ሲቆይ አንድ ቃል ለሁሉም አንድ ትርጉም ይኖረዋል፤ ጀማሪው ተጫዋች ከአራተኛ ዓመቱ ልጅ ይማራል። በዚህ ቤት ጥንካሬው ከዚያ ነበር።

ጽሑፉ ወጣት አሠልጣኞችን በየሁለት ዓመቱ ቦታ ቀይሩ ብሎ ይመክራል። መዘዋወር ለብዙው ሰው ግዴታ ነው፤ የፎስተርን ዓይነት ቆይታ መመኘት ዛሬ ከባድ ነው፤ ተጫዋቾች በየዓመቱ በቀላሉ ትምህርት ቤት በሚቀይሩበት ጊዜ በአራት ዓመት የሚበስል ላይንባከር ማቆየትም እንዲሁ። ጀማሪ ረዳት ግን የመጀመሪያ ሥራው ፊልም መቆራረጥ፣ የተጋጣሚን ጨዋታ በካርድ ላይ መሣልና ተጠባባቂዎቹን እንደ ተጋጣሚ ማጫወት ነው። የአንድን ዕቅድ ሙሉ ዑደት፣ ከተከላ እስከ መፍረስና ጥገና ሳያይ የሚዘል ሰው ኮርዲኔተር ሲሆን ስልቱ ሲፈርስበት የሚጠግንበትን አያውቅም። በቁጥር መመዘንም ጥንቃቄ ይፈልጋል። በኖቬምበር 2014 ከዌክ ፎረስት ጋር በፎስተር ክፍል ላይ በአራት ሩብ አንድም ነጥብ አልተቆጠረም፤ የራሱ ቡድን አጥቂም አንድ ነጥብ አላስቆጠረም፤ በሁለተኛው ተጨማሪ ጊዜ 6 ለ3 ተሸነፉ። መዝገቡ ላይ ሽንፈት ተብሎ ይነበባል።

የመጨረሻው ነጥብ ፎስተርን የሚያሞግስ ነው፤ ግን ስህተት ነው። በ2019 ሴፕቴምበር መጨረሻ ዱክ በብላክስበርግ 45 ለ10 አሸንፎ ነበር። ከዚያ መከላከሉ አገገመ፤ ኖቬምበር 16 ጆርጂያ ቴክን 45 ለ0፣ ኖቬምበር 23 ፒትን 28 ለ0 ረታ፤ ያለፈው ዓመት ሮጠው ያዋረዱትን ሁለቱን። ከዚያ በኋላ ግን ሁለት ጨዋታ ነበር። ኖቬምበር 29 ቨርጂኒያ ዩኒቨርሲቲ 39 ለ30 አሸንፎ የ15 ዓመት ተከታታይ ሽንፈቱን አቆመ። ዲሴምበር 31 በቤልክ ቦውል ደግሞ ኬንታኪ መጣ። ኳርተርባክ ሆኖ የተሰለፈው ሊን ባውደን የተባለ ቅብብል ተቀባይ ነው፤ ኬንታኪ ሊሮጥ መሆኑን ሜዳው ሁሉ ያውቃል። ባውደን ብቻውን 233 ያርድ ሮጠ። ተከላካዮቹ ሁሉ ለሩጫው ከተጠጉ በኋላ፣ 15 ሰከንድ ሲቀር፣ 13 ያርድ ወርውሮ አሸናፊውን ነጥብ አስቆጠረ። ውጤቱ 37 ለ30 ተብሎ ተመዘገበ፤ ከ37ቱ የመጨረሻዎቹ ስድስት ነጥቦች ግን የመጡት ቨርጂኒያ ቴክ በመጨረሻዋ ኳስ ወደ ኋላ እየተቀባበለ ሲሞክር ጥሏት ኬንታኪ አንሥቶ በመሮጡ ነው። እነሱ በፎስተር ክፍል ላይ አይቆጠሩም፤ የባውደን 233 ያርድ ግን ይቆጠራል።